ከመንገድ የተረፈ ጫማ ለጓሮ
የዘነበወርቅ እጆች ስለ እግር የሚያውቁት

ግንቦት ሲጋመስ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ የዶማ ድምፅ ይበረክታል። ከአየር ጤና እስከ ቤቴል፣ ከዘነበወርቅ እስከ ዓለም ባንክ፣ ግቢ ያለው በግቢው፣ የሌለው በአጥሩ ጥግ መደብ ያወጣል። ጎመን፣ ቆስጣና ድንች ይተከላል፤ ጥግ ጥጉን ጤና አዳምና በሶብላ ይይዙታል። ፍግ ከየትም ተፈልጎ ይመጣል፣ ዘር ይገዛል፣ ዶማ ይሳላል። እግር ግን ይረሳል። ብዙው ሰው ወደ ጓሮው የሚወርደው በነጠላ ጫማ ነው። ደህናው ጫማው ጭቃ እንዳይበላበት አውልቆ በባዶ እግሩ የሚገባም አለ።

በዚያው ሰሞን መንገድ ዳር በጃንጥላ ሥር የሚሠራ ጫማ ጠጋኝ ፊት የአሮጌ ጫማ ክምር አይጠፋም። ሶሉ ያለቀ የቆዳ ጫማ፣ አፉን የከፈተ ሸራ ጫማ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የተሰነጠቀ የዝናብ ቦቲ፣ ተረከዙ የተበላ ከስክስ። ባለቤቶቻቸው ለመንገድ አይሆኑም ብለው ተስፋ የቆረጡባቸው ናቸው። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ግን ጫማ ሁለመናው በአንድ ጊዜ እንደማያልቅ ያውቃል። ሶሉ ቀድሞ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ተረከዙ፣ ከዚያ መገጣጠሚያው። ጥሩ ሆኖ የተሠራ የላይ ቆዳ ግን ሁለትና ሦስት ሶል ሊቀብር ይችላል። ቀለሙ ይለቅ እንጂ ሥራው ገና ነው።

ከዚህ ከተረፈው የጓሮ ጫማ ማውጣት ብዙዎች የቁጠባ ጉዳይ ብቻ አድርገው ያዩታል። ከዚያ ይበልጣል። እግርን ከአፈር፣ ከስባሪ ጠርሙስና ከዛገ ሚስማር የመጠበቅ ጉዳይ ነው። ኮልፌ ቀራንዮ ደግሞ በዚህ ረገድ ሌላው የአዲስ አበባ ክፍል የሌለውን እውቀት ይዟል።

ቢላ፣ ውሃና ጎማ

“ለመንገድ ነው ለጓሮ?” የሥራው መጀመሪያ ይህ ጥያቄ ነው። ለመንገድ ከሆነ ሶሉ ቀጠን፣ ጠርዙ ከጫማው ጋር እኩል፣ ቀለሙም የተመሳሰለ እንዲሆን ይፈለጋል። ለጓሮ ከሆነ አሠራሩ ይለወጣል። ሶሉ ከጫማው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብሎ ይቆረጣል። ሰፋ ያለ ሶል እርጥብ አፈር ላይ ቶሎ አይሰምጥም፤ ከጎን የሚመጣን ድንጋይም ከቆዳው ቀድሞ ይቀበላል።

ለሶል የሚሆነው ከመኪና የወረደ ጎማ ነው፤ የተገኘው ጎማ ሁሉ ግን አይሆንም። ውስጡ ሽቦ ያለበት ለቢላም ለእግርም ክፉ ነው። ሲቆረጥ የቢላውን ስለት ያበላሻል፤ ጫማው ከተሠራ በኋላም ጎማው እየሳሳ ሲሄድ የሽቦው ጫፍ ብቅ ይላል። ተመራጩ ውስጡ በናይለን ጨርቅ የተነባበረው ነው። ባለሙያው ጎማውን በጉልበቱ መሃል ይይዝና ቢላውን ውሃ እያስነካ ይቆርጣል። ደረቅ ቢላ ጎማው ውስጥ ተይዞ ይቀራል፣ ውሃ ያገኘ ቢላ ግን ይንሸራተታል። ከዚያ ንብርብሩን በጉጠት ይዞ እየላጠ የሚፈልገው ውፍረት ላይ ያደርሰዋል።

ማጣበቁ ትዕግሥት ይጠይቃል። አሮጌው ሶል ተነቅሎ የጫማው ሥር ይጸዳል። ጫማውም ጎማውም በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋሉ፤ ለስላሳ ገጽ ማስቲሽ አይዝምና። ማስቲሹ በሁለቱም ላይ ሳሳ ተደርጎ ይቀባና እንዲደርቅ ይተዋል። ጣት ሲነካው መያዙን እስኪተው መጠበቅ ያስፈልጋል። እርጥቡን የሚያጣብቅ ባለሙያ ደንበኛው በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣበታል። ሁለቱ አንዴ ከተገናኙ ወዲያና ወዲህ ማለት ስለሌለ፣ ከአፍንጫው ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይገጠምና አየር እንዳይቀር ከመሃል ወደ ዳር በመዶሻ ይመታል።

መጨረሻው ስፌት ነው። ጎማው ሥር ዙሪያውን በቢላ ጫፍ ቀጭን ቦይ ይወጣለታል። በወስፌ እየተበሳ፣ በሰም የታሸ ክር ያልፍበታል፤ ክሩም ቦዩ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ቦዩ ከሌለ ክሩ መሬት እየነካ በአጭር ጊዜ ይበላና ሶሉ አፉን ይከፍታል። ይህች ትንሽ ጥልቀት ጫማው አንድ ክረምት ይኑር ሦስት ክረምት የሚወሰንባት ናት።

በረባሶ

ከጎማ ጫማ መሥራት ለዚህ አገር ነባር ሙያ ነው። በረባሶ ስንት ገበሬ፣ ስንት የቀን ሠራተኛ፣ ስንት ዘበኛ ተሸክሟል! አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሶሉ ከጎማው ወፍራም ክፍል፣ ማሰሪያው ከቀጭኑ ወይም ከጎማው የውስጥ ላስቲክ ይወጣል፤ ተረከዝ የሚይዝ ጠፍር ከኋላ ይዞራል። ውሃ አይፈራም፣ እሾህ አያሳልፍም፣ ሲበጠስ ማንም ይጠግነዋል። ሌላውም ዓለም ያውቀዋል። በቬትናም በጦርነቱ ዘመን ተዋጊዎች ከጎማ የተሠራ ነጠላ ጫማ ይጫሙ ነበር፤ በኬንያ ማሳዮች፣ በሜክሲኮ ገበሬዎች ዛሬም ከመኪና ጎማ በተሠራ ጫማ ይሄዳሉ።

በኋላ ኮንጎ የሚባለው የላስቲክ ጫማ መጣና ገጠሩን ያዘ። ዋጋው ረከሰ፣ ጭቃውም በውሃ ለቀቀ። ጉድለቱ ማላቡና ሲያረጅ መሰንጠቁ ነው። ለእሱም መላ አለው። ጠጋኞች ብረት በእሳት አግለው፣ ከሌላ አሮጌ ኮንጎ የተቆረጠ ቁራጭ አቅልጠው ስንጥቁን ይዘጉታል። ከሁለት የሞቱ ጫማዎች አንድ የሚሠራ ጫማ ይወጣል።

በረባሶ ለመንገድ ጥሩ ቢሆንም ለጓሮ ሥራ ሁሉ አይበቃም። ጣት ክፍት ነው። ዶማ ሲያነሱና ሲጥሉ፣ አካፋ በእግር ሲረግጡ የሚጎዳው ጣት ነው። የበረባሶ ሶልና የአሮጌ ጫማ የላይ ቆዳ ሲገናኙ ግን አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ጎማው ከሥር የሚወጋውን ይመልሳል፣ ቆዳው ከላይ የሚወድቀውን ያበርዳል።

ሕመም የማይሰማው እግር

ዘነበወርቅ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበወርቅ ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ በስሟ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል እዚህ ተቋቋመ። ያኔ ቦታው ከከተማው ውጪ ነበር። በ1958 ዓ.ም. ሆስፒታሉ መላው አፍሪካ በሥጋ ደዌ ሕክምናና ተሃድሶ የሚሠለጥንበት ማዕከል ሆነ፤ ዛሬ ሁሉም አለርት ብሎ የሚያውቀው ነው። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ሰዎች፣ አገራቸው መመለስ ስለከበዳቸው፣ ሆስፒታሉን ተጠግተው ጎጆ ቀለሱ። ፈተሉ፣ ሸመኑ፣ ጠለፉ፣ አትክልት ተከሉ። የሰፈሩ የእጅ ሙያ ሥሩ እዚያ ነው።

ሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 በሽታው በተለያዩ መድኃኒቶች ጥምረት እንዲታከም ከመከረ ወዲህ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈውሰዋል። መድኃኒቱ ግን ተሐዋሲውን እንጂ የተጎዳውን ነርቭ አይመልስም። ነርቩ የሞተ እግር ሚስማር ሲወጋው አይሰማውም፣ የጋለ ድንጋይ ሲያቃጥለው አይሸሽም፣ ጫማ ሲልጠው አያነክስም። ትንሿ ቁስል ሳትታወቅ ትጠልቃለች፣ አጥንት ትደርሳለች፣ በመጨረሻ እግር ታስቆርጣለች። ስለዚህ እንዲህ ላለው ሰው ጫማ የሕክምናው አካል ነው። አለርትም የአካል ድጋፍና የጫማ ወርክሾፕ ያቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ጫማ ሕግ በሕንድ በቬሎር እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድና ባልደረቦቹ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ካዳበሩት ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ውስጡ ለስላሳ፣ ውጪው ጠንካራ ይሁን። ለስላሳው የእግሩን ክብደት በእኩል ያሰራጫል፤ ጠንካራው እሾህና ሚስማር ያቆማል። ፊቱ ሰፊ ይሁን፣ ጣት እንዳይታሽ። ከኋላ መያዣ ይኑረው፣ የደከመ እግር ጫማውን ለመያዝ እንዳይታገል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሚስማር አይግባበት። በሚስማር የተመታ ሶል ሲሳሳ ጫፉ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሕመም የማይሰማው ሰው ቀኑን ሙሉ ይረግጠዋል። የሚሰፋና የሚጣበቅ እንጂ የሚመታ ጫማ ለእሱ አይሠራም።

እነዚህ ሕጎች አንድ በአንድ ሲታዩ ለማንኛውም የጓሮ ጫማ የሚሆኑ ናቸው። ለስኳር ሕሙማንማ ግዴታ ናቸው፤ ስኳርም ልክ እንደዚሁ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛልና። ዛሬ በየቤቱ ጎመን የሚኮተኩቱ ስንት አባትና እናት ስኳር አለባቸው! ማታ ማታ እግርን በብርሃን ማየት፣ ጫማውን ከማጥለቅ በፊት እጅ ከትቶ ጠጠር ወይም ሚስማር መኖሩን መዳበስ፣ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚሰጥ ትምህርት ነበር። ስኳር ላለባቸውም ያው ያስፈልጋቸዋል።

አፈሩ ራሱ

የሚወጋው ነገር ባይኖር እንኳ አፈሩ ራሱ እግር የሚጎዳበት አገር ላይ ነን። ብዙ ሰው ዝሆኔ ብሎ ከሚጠራቸው የእግር እብጠቶች አንዱ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ከትንኝም ከትልም አይመጣም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ፣ ረቂቅ የማዕድን ብናኝ በቆዳ በኩል ገብቶ የሊንፍ መስመሮችን ይጎዳል፤ በዘር ለተጋለጠ ሰው እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል። ይህን ፈልቅቀው ያወጡት ኢትዮጵያ ውስጥ በሥጋ ደዌ ሕክምና ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። በሽታው የሚበዛው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር ከፍ ባለ፣ በዓመትም ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ መሬት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ 1.5 ሚሊዮን ገደማ አዋቂዎች እንዳለባቸው ገምቷል።

መከላከያው ክትባት አይደለም፣ ኪኒንም አይደለም። ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው። ይህን ያህል ሰው የሚያሰቃይ በሽታ በጫማ መቅረት የሚችል ከሆነ፣ አልጋ ሥር የተጣለ አሮጌ ጫማ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ማሰብ አያስቸግርም። ከገጠር ለሥራ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ለሚመጣ ሰው፣ ከልጅነቱ በባዶ እግሩ ላረሰ ሰው፣ ተጠግኖ የተሰጠ አንድ ጥንድ ጫማ ትልቅ ስጦታ ነው።

በከተማው ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በወንዝ ዳር የሚለማው አትክልት የሚጠጣው ውሃ የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ የተቀላቀለበት ነው፤ ጎርፉ ጠርሙስና ቆርቆሮ ያመጣል። የመንጋጋ ቆልፍ ተሐዋሲም የሚኖረው አፈርና ፍግ ውስጥ ነው። ጫማ ክትባቱን አይተካም፤ ተሐዋሲው የሚገባበትን ቁስል ግን ያስቀራል።

ከዘነበወርቅ ወደ ዓለም

የሰፈሩ የእጅ ሙያ ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል በ1997 ዓ.ም. አንዲት የሰፈሩ ልጅ አሳየች። ቤተልሔም ጥላሁን ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ አያያዝ ተምራ ስትወጣ፣ ዙሪያዋን ያየችው ሙያ እያላቸው ሥራ ያጡ ሰዎችን ነበር። በአያቷ ግቢ፣ ከቤተሰብ ባገኘችው ከ10,000 ዶላር ያነሰ ገንዘብና በ5 ሠራተኞች ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ጀመረች። መነሻዋ በረባሶ ነበር። ሶሉ ከአሮጌ የመኪና ጎማ፣ ላዩ በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጥጥ። ድርጅቱ ከዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት ዕውቅና ያገኘ የመጀመሪያው የጫማ አምራች ሆነ፤ ጫማዎቹም ባሕር ተሻግረው በብዙ አገር ተሸጡ። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም ከወጣት ዓለም አቀፍ መሪዎቹ አንዷ አድርጎ መረጣት።

የዚህ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር የውጭ ገበያው አይመስለኝም። ከሥጋ ደዌ ጋር ስሙ ተያይዞ ሲሸሽ የኖረ ሰፈር፣ ድህነት ያስተማረውን ሙያ ሳያፍር አደባባይ ማውጣቱ ነው። በረባሶ የችግር ምልክት መሆኑ ቀርቶ የሙያ ውጤት ሆኖ ታየ። የመንገድ ዳሩ ጠጋኝም ያንኑ ጎማ በዚያው ቢላ ነው የሚቆርጠው። እሱም በዚያው ዓይን ሊታይ ይገባዋል።

ለየትኛው ሥራ የትኛው ጫማ

ጓሮ አንድ ዓይነት ሥራ የለውም፤ ጫማውም እንደ ሥራው ይለያያል።

ለቁፋሮ ከስክስ የሚያህል የለም። ቁርጭምጭሚት ይይዛል፣ ጣት ይከልላል። ሶሉ ካለቀ ወፍራም ጎማ ይሰፋበታል። አካፋ የሚረገጥበት የእግር መሃል ላይ ተጨማሪ ቁራጭ ቢደረብበት እግር አያምም። ተረከዙን ቆርጦ እንደ ነጠላ ጫማ ማድረግ ለቁፋሮ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ጭቃ ላይ እግር ከጫማው ይወጣል።

ውሃ ለማጠጣትና ለአጭር ሥራ ከላይ የተሰነጠቀው የዝናብ ቦቲ ይበቃል። ከቁርጭምጭሚት በታች ዙሪያውን ሲቆረጥ በቀላሉ የሚጠለቅና የሚወልቅ ጫማ ይወጣዋል። የተቆረጠው ጠርዝ ቆዳ እንዳይልጥ በጨርቅ ወይም በቀጭን ላስቲክ ይከፈፍ። ተቆርጦ የቀረው የላይኛው ላስቲክም አይጣልም፤ ለሌላ ጫማ መጠገኛ ይሆናል።

ሸራ ጫማ ለደረቅ ወቅት ነው። ውሃ ይመጥጣል፣ እርጥብ ሆኖ ይውላል፣ እግር ያሳክካል። ሶሉ ከስፖንጅ መሰል ነገር የተሠራ ከሆነም ጥንቃቄ ያሻል። አንዳንዱ ሳይጫሙት እንኳ እርጥበት እየሰባበረው እንደ ዱቄት ይረግፋል። በላዩ ማስቲሽ ከመቀባት ነቅሎ ጥሎ በጎማ መተካት ይሻላል።

የተባይ መድኃኒት ለመርጨት ግን ተጠግኖ የተሰፋ ጫማ አይሁን። ቆዳም ጨርቅም መርዙን መጥጠው ይይዛሉ፤ ታጥቦም አይለቅም። ለዚህ ቀዳዳ የሌለው ሙሉ ቦቲ ብቻ ነው የሚሆነው።

ከሥራ በኋላ ጭቃው ሳይደርቅ ይታጠብ። የቆዳ ጫማ እሳት ዳር ወይም በጠራራ ፀሐይ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ነፋሻ ጥላ ሥር፣ ውስጡ ወረቀት ተጎዝጉዞ ይድረቅ። ከዚያ አልፎ አልፎ ሞራ ቢታሽ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ውሃም አያስገባም። የሌላ ሰው ጫማ ወርሶ የሚጫማ ደግሞ ውስጡን አጽድቶ፣ አሮጌውን የውስጥ ገበር አውጥቶ አዲስ ያስገባ። የእግር ፈንገስ ከጫማ ጋር ይወረሳል።

የሚጣለውና የሚተርፈው

ቁራሌው በየበሩ እየጮኸ የሚገዛው አሮጌ ጫማ፣ ልዋጮች በሳህንና በብርጭቆ የሚለውጡት፣ ብዙው ወደ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። እዚያ ላዩና ሶሉ ይለያያሉ፣ ጎማ በየዓይነቱ ይሸጣል፣ ከአሥር ጫማ የተውጣጣ አንድ ጫማ ይሠራል። ከዚህ መረብ ያመለጠው መጨረሻው ቆሻሻ መጣያ ነው። የኮልፌ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማው ጥራጊ የተከመረበት ቆሼ የእሱ ጎረቤት ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። አንድ ጥንድ ጫማ ከቆሼ ቢቀር ያንን ክምር አያሳንሰውም። ለመጣል የሚቸኩልና ለመጠገን የሚያፍር ከተማ ግን ሌላ ክምር መሥራቱ አይቀርም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሌማት ትሩፋት ስም የከተማ ግብርና ተስፋፍቷል። ዘር ይታደላል፣ ሥልጠና ይሰጣል። በዚያው ሥልጠና ላይ ስለ እግር አንድ ሰዓት ቢጨመር የሚከብድ አይደለም። አስተማሪም ከሩቅ አይፈለግም፤ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ጫማ የመሥራት እውቀት እዚሁ ዘነበወርቅ አለ። ክፍለ ከተማው ለመንገድ ዳር ጠጋኞች ዝናብ የማያስገባ፣ የማስቲሽ ሽታ የሚወጣበት ነፋሻ ቦታ ቢሰጣቸው፣ ሚስማር የሌለው የጓሮ ጫማ አሠራርም ከሆስፒታሉ ባለሙያዎች ቢማሩ፣ ለስኳር ሕሙማን፣ ለአረጋውያንና ለወንዝ ዳር አትክልተኞች የሚሆን ጫማ በየሰፈሩ ይገኛል። ቤት ያለው ሰው ድርሻም ግልጽ ነው፦ ሰኔ ሳይገባ አሮጌውን ጫማ አውጥቶ ለጠጋኝ መስጠት፣ ለጓሮ መሆኑን መንገር፣ በሚስማር ሳይሆን በክር እንዲሰፋ ማሳሰብና ለስፌቱ የሚገባውን ዋጋ ሳይከራከሩ መክፈል።